ስትሬቸሩን ማን ይያዝ? ትናንት ሳቢያን ላይ የደረሰብኝ

ባለቃሬዛው (ድሬዳዋ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:40

አቦ ሰላም ናችሁ? ረዘም ያለ ነገር ስለሆነ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

አምቡላንስ ላይ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ትናንት ጠዋት ሳቢያን በኩል አንዲት እናት ልናነሳ ሄድን። ሻወር ቤት አንሸራቷት በዳሌዋ ወድቃለች። (አዎ፣ «አንቺ» ነው የምላት። ድሬ ነን።) ክፍሏ ውስጥ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ሄደ። ለሁለት ተከፍሎ ከሥር በሚገባው ቃሬዛ (ስኩፕ) አነሳናት፣ ስትሬቸሩ ላይ አሳረፍናት፣ ደረቷንና ወገቧን በቀበቶ አሰርን። የእግሩን ቀበቶ «መኪናው ጋ ስንደርስ» ብዬ ተውኩት።

ከግቢው በር እስከ መኪናው አሥራ አምስት ሜትር አይሞላም። ግን በሩ ላይ ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ ቆሎ ሻጯ ሳትቀር ተሰብስባለች። ድሬ እኮ ነው፤ ሰው ታሞ እጁን አጣጥፎ የሚቆም የለም። ስትሬቸሩን መጨረሻው ድረስ ከፍ አድርገነዋል፣ መኪናው ውስጥ ለማስገባት ይቀለናል ብለን። ከዚያ የላንድክሩዘሩን የኋላ በር ልከፍት ብዬ እጄን ለቀቅኩ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ልጇ «ቶሎ በሉ እንጂ!» አለና ከጎን ሳበው። ትንሿ የፊት ጎማ የቱቦ ክዳን ክፍተት ውስጥ ገባች።

ስትሬቸር ሲገለበጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። በአንድ ጎን ያሉት ጎማዎች ጣት የምታህል ከመሬት ይነሳሉ። ያኔ ካልያዝከው፣ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻውን አይመልሰውም። እናትየዋ በደረት ቀበቶዋ ተንጠለጠለች፣ እግሮቿ ወደ ውጭ ወጡ። ሹፌራችን ራስጌውን ሳይለቅ ወደ ራሱ ጎተተ፣ አንድ ጎረምሳ ከሥር ትከሻውን ሰጠ፣ መለስናት። ተመርምራለች፣ አዲስ ጉዳት የለም። መኪና ውስጥ ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ልጅ፣ ልትጥለኝ ነበር እኮ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ልጇን አልወቅስም። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን እስቲ ንገሩኝ፦ ሰው ሁሉ ሊረዳህ እጁን ሲዘረጋ ምን ትለዋለህ? ማንን ታስይዛለህ?

—

የደንገጎ ሹፌር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3:05

አይዞህ ወሪያ። ያልደረሰበት ካለ ገና ስላልሠራ ነው።

የኔ ሕግ አጭር ነው። ስትሬቸር ሁለት ጫፍ አለው፣ ሁለቱም ጫፍ በሠለጠነ ሰው እጅ ነው። ጎኑ የማንም አይደለም። ከጎን የሚገፋው ሰው ሊረዳህ ቢፈልግም የሚገፋው ወደ መገልበጫው ነው። ባዶው ስትሬቸር ብቻውን 40 ኪሎ አካባቢ ነው። 70 ኪሎ ሰው ጨምርበት። ያ ሁሉ ክብደት ከክፍል በር በጠበበ ነገር ላይ፣ ወገብህ ከፍታ ላይ ተቀምጧል። ከጎን ትንሽ ነካ ማድረግ ይበቃዋል።

ስለዚህ ሲጫን ብቻ ከፍ፣ ሲገፋ ዝቅ። ወገብ ያማል ትላላችሁ። አዎ ያማል። ቱቦና ደፍ ስታገኝ ደግሞ በርዝመቱ ቀጥ ብለህ ተሻገር፣ በሰያፍ አትሞክረው። ሁለታችሁም ቆም በሉ፣ የፊቱን ጎማ አንሱ፣ አሳልፉ፣ ከዚያ የኋላውን።

ስትሬቸሩን ከመኪናው ወለል ጋር ስለሚይዘው መቆለፊያም አንድ ነገር ልበል። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጣ የደንገጎን ኩርባ ታውቁታላችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ሪፈር ይዤ ስወጣ «ቀጭ» ሲል ሰማሁና በሩን ዘጋሁ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስትሬቸሩ ተንሸራቶ የኋላውን በር ዷ! አደረገው። ነርሷ ልጁን አቅፋ ወለል ላይ ተቀመጠች። በሩ ባይዝ ኖሮ ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን አላምንም። ከቆለፍኩ በኋላ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ራሴ እጎትተዋለሁ። ካልመጣ ቆልፏል።

—

አዲስ ተመራቂ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3:22

ይቅርታ፣ እርስዎ እንዳሉት ሁለት የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ ይገባኛል። እኔ ግን ከአዲስ አበባ ተመድቤ ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፣ እኔና ሹፌሩ ብቻ ነን። ሹፌሩ ጎበዝ ነው፣ ስትሬቸር ላይ ግን ሥልጠና ወስዶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ከ110 ኪሎ በላይ የሚሆኑ ሰውዬ አነሳን። አስታማሚ ባይኖር ምን እናደርግ ነበር?

—

የደንገጎ ሹፌር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3:25

እርስዎ ማነው? ዞር ብዬ አየሁ እኮ፣ ሽማግሌ ገባ ብዬ። 😄 ድሬ መጥተህ «እርስዎ» ካልክ ገና ሙቀቱን አልለመድከውም ማለት ነው።

ሹፌርህን አሠልጥነው። ቀልዴን አይደለም። ጥሪ በሌለበት ሰዓት ግቢ ውስጥ ባዶውን አስጭነው፣ አስወርደው፣ አሳጥፈው፣ አስዘርጋው። ከዚያ አንዳችሁ ተኙበትና ሌላ ሰው ጨምራችሁ ድገሙት። አንዴ ራሱ የተኛበት ሹፌር ዳግመኛ አያንገጫግጭህም።

—

ጁገል ውስጥ (ሐረር)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3:50

ነርስ ነኝ፣ ከሐረር። የኛ ጣጣ ትንሽ ይለያል። ጁገል ውስጥ መኪና የማይገባበት መንገድ ብዙ ነው። ከግንቡ ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች ድንጋይ ናቸው፣ ቁልቁለትና ዳገት ናቸው፣ አንዳንዱ ጋ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ግድግዳ ይደገፋል። ባለጎማውን ስትሬቸር ይዘህ ብትገባ ራሱ ሌላ በሽተኛ ይሆንብሃል። ስለዚህ እሱ መኪናው ጋ ይቀራል። እኛ ተጣጣፊውን የሸራ ቃሬዛ ወይ የመሸከሚያ ወንበሩን ይዘን እንገባለን። ወንበሩ ራሱን ለሚያውቅና መቀመጥ ለሚችል ሰው ነው። ዳሌ ለተሰበረ፣ ራሱን ለሳተ፣ አከርካሪው ለሚያጠራጥር አይሆንም።

ቤቱ ደግሞ የሐረሪ ቤት ከሆነ በሽተኛው የሚተኛው ነደባ ላይ ነው። ነደባው አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ መደብ ነው። ከላይኛው ነደባ ሰው ለማውረድ አራት እጅ አይበቃህም። ስለዚህ «ዘመድ አይንካ» የሚለው እዚህ አይሠራም። ዘመድ ይይዛል። ግን ማን የት እንደሚይዝ የምናገረው እኔ ነኝ። የራስጌው የኔ ነው፣ የግርጌው የጓደኛዬ። ዘመድ መሃል በግራና በቀኝ፣ በቁመት የሚመጣጠኑት ጥንድ ጥንድ ሆነው። ቁልቁለት ስንወርድ እግር ይቀድማል፣ ዳገት ስንወጣ ራስ ይቀድማል። ራስ ሁልጊዜ ከፍ ያለው በኩል ነው።

አንድ የሚያስቅ ልንገራችሁ። «በሦስት እናነሳለን» አልኩ። «አንድ…» ከማለቴ በግራ ያለው አጎት «ቢስሚላህ!» ብሎ አነሳ። በቀኝ ያለው ጎረቤት ደግሞ «በስመ አብ»ን እስኪጨርስ እየጠበቀ ነው። ቃሬዛው እንደ ሚዛን ዘመመ። አሁን መጀመሪያ ሁላችሁም ጸልዩ እላለሁ። ጸሎቱ ሲያልቅ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንሳ።» የምናነሳው «አንሳ» ስል ነው፣ ሦስት ላይ አይደለም። ሳናነሳ አንድ ጊዜ በቃል እናደርገዋለን። መንገድ ላይ ደግሞ በየቋንቋው ነው፤ «ሱታ» ለኦሮምኛ ተናጋሪው፣ «ታርቲብ» ለሶማሌው፣ «ቀስ» ለቀረው።

—

ድሮ ቀረ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4:15

እናንተ ልጆች ታካብዳላችሁ። እኛ ገጠር ሰው በወሳንሳ ተሸክመን ግማሽ ቀን ሄደናል። የ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ጊዜ በበር ሳንቃና በብርድ ልብስ ነው ሰው ያወጣነው። ማን አሠለጠነን? አሁን አሥራ አምስት ሜትር ለመግፋት ሰርተፍኬት ልትጠይቁ ነው?

—

ባለቃሬዛው፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4:31

አባቴ፣ ጎርፉ ጊዜ የሠራችሁትን ማንም አይክደውም። ልጅ ነበርኩ፣ አስታውሳለሁ።

ግን የወሳንሳውን ነገር እስቲ አስበው። አያቴ አገር የቃሬዛ ማኅበር ነበረ። ሰው ሲታመም ተራው የደረሰው ይወጣል። ረጅሙ ከረጅሙ፣ አጭሩ ከአጭሩ ነው የሚገጥመው። ትከሻ ሲቀያየሩ ዝም ብሎ የሚለቅ የለም፣ ተተኪው ከሥር ገብቶ «ያዝኩ» ሲል ነው የሚለቀቀው። እነሱ ሠልጥነዋል እኮ! ሰርተፍኬት አልነበራቸውም እንጂ። እኔ ትናንት ያን «ያዝኩ» ሳልሰማ ነው የለቀቅኩት።

—

ድሮ ቀረ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4:38

እሺ። ይቺ ገባችኝ።

—

ብሎን እና ግሪስ፣ ረቡዕ ጠዋት 2:10

የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነኝ። ሌሊቱን ስትጽፉ አድራችኋል፣ እኔ ጠዋት ልግባ።

ወደኔ የሚመጣው ስትሬቸር አብዛኛው «ተበላሸ» ተብሎ ነው። ስከፍተው ግን ያልጸዳ ነው። ባለፈው ወር አንዱን «ወደ ግራ ይስባል» ብለው አመጡልኝ። የፊት ጎማው ዘንግ ላይ ምን አገኘሁ? የጫት ፌስታል። ተጠምጥሞ፣ ተጠምጥሞ፣ ገመድ ሆኗል። በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። የማን ፌስታል እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጠዋት ተረኛ ስትሆኑ አምስት ደቂቃ ስጡት። ባዶውን ግፉት፣ ጎማው ይዞራል? ፍሬኑን ርገጡና ግፉ፣ ይይዛል? (ፍሬኑ ለማቆም ነው እንጂ ሰው ትታችሁ እንድትሄዱ አይደለም፣ ተዳፋት ላይ ደግሞ ጭራሽ አትመኑት።) ከፍ ዝቅ አድርጉት፣ እግሮቹ በየደረጃው ይቆልፋሉ? ቀበቶው ጠርዙ ተበልቷል? ዘለበቱ ገብቶ ሲጎተት ይለቃል? የጎን መከለያው ሲነሳ ይቆማል? ፍራሹ ተቀዷል? ከተቀደደ ደም ውስጡ ገብቷል ማለት ነው፣ በሶፍት አይወጣም።

ጎኑ ላይ ደግሞ ስንት ኪሎ እንደሚችል የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። እሱን ያነበበ ስንቱ ነው? ሞዴሉ ይለያያል፣ የናንተውን እዩ።

ከወለል መቆለፊያው ባልተናነሰ የሚያስፈራኝ ማውረዱ ነው። ከመኪና ስትስቡት እግሩ ይወርዳል። አንዱ ይስባል፣ ሌላው ጎኑ ቆሞ እግሩን ያያል። ወርዶ መቆለፉን በዓይኑ ሳያይ «ሳብ» አይልም። ያልቆለፈ እግር መሬት ሲነካ ይታጠፋል፣ በሽተኛው በራሱ በኩል ይወርዳል።

በረኪና ላይም እባካችሁ። 5 በመቶ በሆነው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበቃል። ደሙን መጀመሪያ ጥረጉ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ካልታጠበ ብረቱን ይበላዋል፣ ብሎኑ ዝጎ እኔ ጋ ትመጣላችሁ።

—

አዲስ ተመራቂ፣ ረቡዕ ጠዋት 2:35

አመሰግናለሁ፣ ይሄን ቀድቼ መኪናው ውስጥ እለጥፈዋለሁ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ድሬ ላይ ተማርኩ። እኩለ ቀን ላይ ስትሬቸሩን ፀሐይ ላይ አቁመን አንድ ሕፃን ልናስተኛ ስንል ፍራሹን በመዳፌ ነካሁት። ሽሮ ድስት ነው! ጥቁር ፕላስቲክ ነው እኮ። አሁን አንሶላ አጥፌ ከላዩ እተዋለሁ፣ ሰው ከማሳረፌ በፊት በእጄ እፈትሻለሁ።

—

ባጃጅ ቁጥር የለውም፣ ረቡዕ ጠዋት 3:20

አቦ እኛንም አስገቡን እንጂ። ድሬ ውስጥ ከአምቡላንስ ይልቅ በኛ ባጃጅ ሆስፒታል የሚደርሰው ሰው ሳይበልጥ አይቀርም። በተለይ ምጥ የያዛት። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ስትሬቸር ይመጣል፣ ከባጃጁ በእጅና በእግር ጎትተው ያወጧታል። እኔ መሪዬን ይዤ ሳያት ያመኛል።

—

ጁገል ውስጥ፣ ረቡዕ ጠዋት 3:41

ደግ ጥያቄ ነው። ባጃጅህን ተዳፋት ላይ አታቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ስትሬቸሩ ወደ በሩ ተጠግቶ ቁመቱ ከባጃጁ ወንበር ጋር እኩል ይሁን፣ ፍሬኑ ይያዝ። መቆም የምትችል ከሆነች ራሷ ተደግፋ ወጥታ ትቀመጥበታለች፣ ከዚያ እግሯን እናነሳለን። መቆም ካልቻለች አንሶላ ከሥሯ አስገብተን ሁለት ሁለት ሆነን እናሻግራለን። ክንድ መጎተት የለም።

እና ምጥ የያዛትን በጀርባዋ ዘርግታችሁ አትውሰዷት። የማኅፀኑ ክብደት ትልቁን የደም ሥር ይጫናል፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ያዞራታል። በግራ ጎኗ ዘንበል አድርጓት። ቀበቶው አንዱ ከጡቷ በላይ፣ አንዱ ከሆዷ በታች ዳሌዋ ላይ። ሆዷ ላይ አይታሰርም።

—

የአስታማሚ ወገን፣ ረቡዕ ከቀኑ 7:05

እስቲ እኔም ልናገር፣ የሕክምና ሰው አይደለሁም። አባቴን አምስት ጊዜ በአምቡላንስ ወስጄዋለሁ።

ባለቃሬዛው፣ «ሰው እጁን ሲዘረጋ ምን ትለዋለህ» ብለሃል። መጀመሪያ የሆነ ነገር በለው! እናንተ ስትመጡ ሁለት ቃል ነው የምትናገሩት፦ «ዞር በሉ»። አባቴ መሬት ላይ ነው፣ ወዴት ነው ዞር የምለው? እጄ ሥራ ካላገኘ ስትሬቸሩን ነው የሚይዘው። አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት ልጅ መጣችና «አንተ በሩን ያዝ፣ አንቺ መድኃኒቶቹን በፌስታል ሰብስቢ፣ አንተ ፊት ፊት ሂድና ሰው አስለቅቅ» አለች። ሁላችንም ወታደር ሆንን። ስትሬቸሩን የነካ አልነበረም። ዞር በሉ ሳትል ዞር አደረገችን።

አባቴ ደግሞ የሚለው ሌላ ነው። ተኝተህ ስትሄድ የምታየው ሰማይና የሰው አፍንጫ ብቻ ነው። «አሁን ወደ ላይ ልትነሳ ነው፣ አሁን ትንሽ ይነቀንቅሃል» የሚለው ሰው ካጣ፣ እጁ የጎኑን ብረት ፍለጋ ይወጣል። አንዴ በር መቃን ላይ ጣቱ ተጨፍልቋል። እሱን ንገሩት።

—

የደንገጎ ሹፌር፣ ረቡዕ ከቀኑ 7:30

ይሄኛው ከሁላችን የተሻለ ተናገረ። እጅ ደረት ላይ፣ ከአንሶላው ሥር። እኔም ሁልጊዜ የምረሳው እሱን ነው።

በነገራችን ላይ ሲጫን ራስ ቀድሞ ስለሚገባ ፍሬን ስንይዝ በሽተኛው ወደ ራሱ በኩል ይንሸራተታል። የትከሻ ቀበቶ ያለው ስትሬቸር ያላችሁ፣ ለጌጥ አይደለም፣ እሰሩት። ሲታሰር ሸሚዙ ይጨማደዳል ብሎ የሚቆጣ በሽተኛ ገጥሞኛል። አሰርኩት።

—

ባለቃሬዛው፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ብርቱካን ይዤ እናትየዋን ልጠይቅ ሄድኩ። ኦፕሬሽን እየጠበቀች ነው። ልጇም ነበረ። እኔን ሲያይ ተነሳ፣ ይቆጣኛል ብዬ ቆምኩ። «ወንድሜ፣ እኔ ነኝ የሳብኩት» አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ እሱም አልተኛም። ሁለታችንም «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው» ስንባባል እናትየዋ «ብርቱካኑን ላጡልኝ እንጂ» አለች።

ከሹፌራችን ጋርም ተነጋገርን። ከዛሬ ጀምሮ «ያዝኩ» ሳይባል የሚለቀቅ ነገር የለም። በሩን ሳልከፍት ስትሬቸሩ ከግቢ አይወጣም። ለአስታማሚ ደግሞ ገና ስንገባ ሥራ እናከፋፍላለን። ዛሬ ከሰዓት ለገሃሬ አካባቢ ሞከርነው። አንዱን ጎረምሳ «አንተ የቱቦ ክዳን ኃላፊ ነህ» አልኩት፣ ሄዶ ክፍተቱን በሳንቃ ሸፈነልኝ! 😄

አንድ ያልነገርኳችሁ ግን አለ። የእግሩን ቀበቶ «በኋላ» ያልኩት ስለቸኮልኩ ብቻ አይደለም። ዘለበቱ ከተበላሸ ወር ሆኖታል። ገብቶ ይይዛል፣ ትንሽ ሲነቃነቅ ይለቃል። አውቅ ነበር። አንዴ ተናገርኩ፣ «እሺ» ተባለ፣ ከዚያ እኔም ዝም አልኩ። ብሎንና ግሪስ ጠዋት «ዘለበቱ ሲጎተት ይለቃል?» ስትል ፊቴ ጋለ። ዘለበት የት እንደማገኝ የሚያውቅ አለ?

—

ባጃጅ ቁጥር የለውም፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2:02

ታይዋን ገበያ ሞልቷል። የቦርሳ ዘለበት የሚሸጥ ልጅ አውቃለሁ፣ በርካሽ። ነገ ላምጣልህ?

—

ብሎን እና ግሪስ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2:04

የቦርሳ ዘለበት እንዳታስገባ! እሱ ደብተር ነው የሚይዘው፣ ሰው አይደለም። ቀበቶውና ዘለበቱ አንድ ላይ ነው የሚቀየረው፣ ከስትሬቸሩ ሞዴል ጋር የሚሄደው። ከተጣለ ስትሬቸር ላይ የተፈታ ደህና አንድ አለኝ፣ ሞዴሉ ከገጠመ ትወስደዋለህ። ነገ ጠዋት ስትሬቸሩን ይዘኸው ና። ያ ቀበቶ እስኪቀየር ድረስ ደግሞ ሰው አታሳርፍበት፣ ተለዋጩን ተጠቀሙ።

—

ባለቃሬዛው፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2:06

1 ሰዓት ላይ በርህ ላይ ነኝ።